ኪራይ ሸሽተን ዳር ወጣን፤ ከዳር እስከ ባቡሩ ያለው መንገድ ግን አላደርስ አለን

ኮዬ ነዋሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር ላንሳና እንወያይበት። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ሥራዬ ሳሪስ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ በየወሩ ስቆጥብ ቆይቼ፣ በየካቲት 2011 በወጣው ዕጣ ቤት ደረሰኝ። ቁልፍ እስክንረከብ፣ ከዚያም ውኃና መብራት እስኪገባ ምን ያህል እንደጠበቅን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዛሬ እሱን አላነሳም። ቤት በማግኘቴ አምላኬን አመሰግናለሁ። ልጆቼ "ውጡልኝ" የሚል አከራይ በሌለበት ቤት እያደጉ ነው።

ችግሬ መንገዱ ነው። ጠዋት የምንሰለፈው ገና ሳይነጋ ነው። ታክሲው ሲመጣ መንገዱን ቆርጦ ይጭናል፤ ከኮዬ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ። ለአንድ ጉዞ ሦስት ሰልፍ፣ ሦስት ሂሳብ። ማታም እንደዚያው። ባለቤቴ መገናኛ ስለምትሠራ በጎሮ በኩል የራሷ ሰልፍ አለባት። ለቤቱ ዕዳ የምንከፍለውና ለሁለታችን ትራንስፖርት የሚወጣው ወር ሲያልቅ ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል።

ቃሊቲ ላይ ግን ባቡር አለ። ቁጥሩ ቢያንስም፣ ቢጨናነቅም፣ ቃሊቲ የደረሰ ሰው ወደ ሳሪስና ወደ ስታዲየም ለመሄድ ታክሲ አይለምንም። እኛ ጋ ያለው አገር ደግሞ እንደ ሽሮ ሜዳ ወይም እንደ እንጦጦ ሥር ዳገት አይደለም። ብስክሌት አለኝ። እሁድ መኪና ሲቀንስ እሄድበታለሁ፤ በሥራ ቀን ግን አልደፍርም። አሸዋና ጠጠር የጫነ ገልባጭ ከጎኔ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻውን መሪዬን ያዞረዋል። የአስፋልቱ ጠርዝ ቦታ ቦታ ላይ ተሸራርፎ ቀጥታ ወደ ክፍት ቦይ ይወርዳል። ባለቤቴ ብስክሌት ይዤ ከወጣሁ "ደረስኩ" እስክላት ድረስ ስልኳን ከእጇ አታወርድም።

በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። አይቼዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ግን ዕለት ዕለት ረጅም መንገድ የሚሄደው ሰው ያለው እኛ ጋ ነው። ከኮዬ እስከ ቃሊቲ ባቡር ጣቢያ፣ ከአራብሳ እስከ አያት ባቡር ጣቢያ ከመኪና የተለየ መስመር ቢሠራ፣ ጣቢያው ላይም ብስክሌት የሚጠበቅበት ቦታ ቢኖር ስንቱ ሰው ከሰልፍ ይወጣ ነበር? ምን ትላላችሁ?

አራብሳዊት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48)

ወንድሜ፣ ስለ ሰልፉ ያልከው እኛም ጋ ያው ነው። ግን ከብስክሌት በፊት ስለ እግረኛ ይወራ እላለሁ። በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ በእግር ነው። በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። ቦሌ አራብሳ ላይ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው ባንድ እጄ እሷን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዤ አስፋልቱ ዳር ለዳር ነው። ክረምት ሲገባ ዳሩ ጭቃ ስለሚሆን ወደ አስፋልቱ እንወጣለን። መኪናው ደግሞ ጭቃውን ሲሸሽ ወደ እኛ ይመጣል።

ማታ መብራት የለም። ከሥራ የሚመለሱ ሴቶች ከታክሲ ወርደው ብሎካቸው እስኪደርሱ እየተጠባበቁ በቡድን ነው የሚሄዱት። እና የብስክሌት መስመር ሲባል ደስ ቢለኝም፣ እኔንና ልጄን የት ታስገቡናላችሁ?

ኮዬ ነዋሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02)

እህቴ፣ ልክ ነሽ። መስመሩ ሲሠራ ከጎኑ የእግረኛ መንገድና መብራት አብሮ ካልተሠራ እኔም አልፈልገውም። ያለዚያ እናንተ በብስክሌቱ መስመር ላይ መሄዳችሁ አይቀርም፤ ደግሞስ ሌላ የት ትሄዳላችሁ?

የቃሊቲ መስመር ሾፌር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30)

ስለ ሾፌር ስታወሩ ሾፌርም ይስማ ብዬ ነው የምጽፈው። ቆርጦ መጫን ሕዝቡን እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ እናቴም ተሳፋሪ ናት። ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ከዳር ወደ መሀል ነው የሚሄደው። እኔ ሞልቼ ሄጄ ባዶ ወንበር ይዤ እመለሳለሁ። ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ያንዱ ጉዞ ሂሳብ የሁለት ጉዞ ነዳጅ መሸፈን አለበት። ታሪፉም በርቀት ሲከፋፈል ረጅሙ መስመር በኪሎ ሜትር ሲታሰብ የሚያስገኘው ያንሳል፤ አጭር አጭሩ ያዋጣል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ለመኪናው ባለቤት በየቀኑ የማስገባው ገቢ አለ፤ ጎማ አለ፤ መንገድ መዘጋጋቱ አለ።

ረጅሙን መስመር በረጅም አውቶብስ ስጡት። አንበሳና ሸገር ጠዋት ጠዋት ሳይቆራረጡ ከኮዬ ቃሊቲ ቢመላለሱ እኛ ውስጥ ለውስጥ እንሠራለን፤ ማንም አይጎዳም።

ስለ ብስክሌት ደግሞ፤ ሰው ላወርድ ወደ ቀኝ ስይዝ ብስክሌት በቀኜ ሽው ብሎ ይገባል። ረዳቴ በሩን ሲከፍት ልቤ ነው የሚቆመው። የነሱ መስመር ለብቻው ቢሆን ደስታው የኔም ነው።

ዴሊቨሪ በብስክሌት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05)

ጋሼ፣ ይህን ከሾፌር ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። እኔ የምበላው በብስክሌት ነው፤ ምግብና ዕቃ አደርሳለሁ። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ሲሆን ጠዋት ወደ ቦሌ እወጣለሁ። ከገልባጩ በላይ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። አንደኛ የሚኒባሱ በር። ሁለተኛ ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል፤ ዝናብ ጥሎ ውኃ ከሸፈነው ጉድጓድ ይሁን መንገድ አይለይም። የዝናብ ውኃ መውረጃ ፍርግርግ ብረትም አለ፤ ክፍተቱ በመንገዱ አቅጣጫ ከተሠራ የፊት ጎማ ሰተት ብሎ ይገባል። ጓደኛዬ ጥርሱን ያጣው በዚህ ነው።

ሰው "ብስክሌት ለአዲስ አበባ አይሆንም፣ ዳገት ነው" ይላል። ሰሜኑ ዳገት ነው፤ እውነት። ከቦሌ እስከ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ግን ቀስ እያለ የሚወርድ ሜዳ ነው። ይህች አገር በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት ያወዳደረች አገር ናት። በዘመናችንም ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ነድቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄዳችሁ እዩ፤ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ እናቶችም ይነዳሉ። እዚህ የሚያስቀረን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ተገቢ ፍርሃት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ የብስክሌት ማቆሚያ። ቁልፍ አድርገህ ግንድ ላይ ብታስረው ጎማው ይፈታል። ጣቢያ ላይ ጠባቂ ካልተቀመጠ መስመሩ ቢሠራም ማንም ብስክሌቱን ጥሎ ባቡር አይገባም።

ተከራይ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15)

ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ቤት ያገኛችሁት እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ተከራይ ነኝ። ገርጂ ነበርኩ፤ ኪራይ ሲጨምር ሰሚት ገባሁ፤ ሰሚት ሲጨምር አራብሳ ወጣሁ። በያንዳንዱ ዝውውር ለደላላ ከፍያለሁ፣ ዕቃ ማጓጓዣ ከፍያለሁ። ቤቱ በረከሰ ቁጥር ታክሲው እየጨመረ አሁን ሁለቱን ስደምራቸው ገርጂ ሆኜ ከምከፍለው ብዙም አላተረፍኩም። ልዩነቱ በቀን ውስጥ ያጣሁት ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልጻፈው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉ ወረዳ ቀርቦ መመዝገብ አለበት፤ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው አይደለም። አዋጁ ጥሩ ነው። ግን ያሁኑ አከራዬ ወረቀቱ ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ ነው የጠየቀኝ። "አይሆንም" ብል ከኋላዬ የተሰለፈ ተከራይ አለ። ቤቱ ስለሚያስፈልገኝ ዝም አልኩ።

የኪራይ ሕግና የመንገድ ጉዳይ ለየብቻ መታየት የለባቸውም። ከአራብሳ አያት ጣቢያ በብስክሌት በሰላም መድረስ ብችል የመሀል ከተማ አከራይ የጠራውን ሁሉ የምከፍልበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ሰው ርቆ በሰላም መኖር ሲችል መሀሉ ላይ ያለው ሽሚያም ይረግባል።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ማታ እመለሳለሁ።

ጀሞ 2 (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40)

ከለቡ ጀሞ የብስክሌት መስመር ተሠርቶልን ነበር፤ ከኛ ተማሩ። ቀለም ብቻ በተቀባበት ቦታ በማግሥቱ መኪና ይቆምበታል፣ ቀጥሎ የጉሊት ሸራ ይዘረጋበታል፣ ከዚያ ብስክሌተኛው ተመልሶ አስፋልት ይገባል። ጉሊቷን ሴትዮ አትውቀሱ፤ የምትሸጥበት ቦታ ስላልተሰጣት ነው። ጠርዝ ድንጋይ ገብቶ ከአስፋልቱ ከፍ ባለበት ቦታ ግን ልጆች ብስክሌት ሲለማመዱ አያለሁ። ሴቶች ልጆችም ጭምር። እኔ ልጅ ሳለሁ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ያየሁት እምብዛም ነው።

መንገድ ዲዛይን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20)

ሥራዬ ከመንገድ ዲዛይን ጋር ስለሚገናኝ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

መጀመሪያ ስለ ፍጥነት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ልጅ መንገድ ስትገባ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው በዚያች ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ሄዷል። ገና ፍሬን አልያዘም። በ30 ቢነዳ 8 ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ5 በመቶ ሲቀንስ ሞት የሚያስከትል አደጋ በ30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። የኛ የዳር መንገዶች ግን ፍጥነትን የሚጋብዙ ናቸው። ሰፊና ቀጥ ያሉ፣ የእግረኛ ማቋረጫቸው የተራራቀ። ከተማን ከከተማ ለማገናኘት ታስበው ተሠሩ፤ ግራና ቀኛቸው ላይ ግን በሺህ የሚቆጠር አባወራ ሰፈረ። ቱሉ ዲምቱን ውሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ለትራፊክ የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ነው። ከፍጥነት መንገዱ የወጣ ሾፌር እግሩ ገና ፍጥነቱን አልለቀቀም፤ ወዲያው ተማሪዎች የሚሻገሩበት ሰፈር ይገባል።

ጀሞ ያልከው ትክክል ነው፤ ቀለም መስመር አይሆንም። ለአንድ አቅጣጫ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት፣ ከአስፋልቱ በጠርዝ ድንጋይ የተለየ፣ ከእግረኛው መንገድ ደግሞ በከፍታ ወይም በዛፍ የተለየ መሆን አለበት። የታክሲና የአውቶብስ ማቆሚያ ላይ መስመሩ ከተሳፋሪው ጀርባ ይዞራል። ተሳፋሪው በአስፋልቱና በብስክሌቱ መስመር መካከል በተተወለት ቦታ ላይ ይወርዳል። ሾፌሩ ወንድማችን ያነሱት የበር አደጋ በዚህ ይወገዳል። ፍርግርጉን ብረት በተመለከተ፣ ክፍተቱ ለጉዞው አግድም እንዲሆን ማድረግ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም። ሲገጠም አዙሮ መግጠም ነው።

ዕቅድ የለም እንዳትሉ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በአገር ደረጃም ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራ አለ። የእግረኛና የብስክሌት መስመር ሁለቱም ላይ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የሚታየው ጎዳና ሲቀድም የሚፈለገው ጎዳና ይዘገያል።

ገላን ጉራ እናት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00)

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ልጄ እያነበበልኝ ነው፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው። ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ ወልጄ፣ ለልማት ሲባል ተነስተን ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከዚህ በፊት ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ በጋራ ነበር የምንጠቀመው። አሁን የራሴ ማድ ቤት፣ የራሴ መታጠቢያ አለኝ።

ግን ካዛንቺስ ሥራዬ ደጄ ነበር። እንጀራ ጋግሬ ለሆቴል አስረክባለሁ፤ ሲያልቅ በእግሬ እመለሳለሁ። አሁን ያንን እንጀራ ይዤ ታክሲ ብገባ ለኔ አንድ፣ ለመሶቡ አንድ ሂሳብ ይጠየቃል። ደንበኞቼ ቀሩ። እድሬም እዚያው ቀርቷል፤ ለቀብር ስሄድ ቀኑ ያልቃል። እናንተ ስለ ብስክሌት ስታወሩ እኔ በዕድሜዬ አልነዳም። ግን የልጅ ልጄ ቢነዳ፣ የታክሲው ገንዘብ ለደብተሩ ቢተርፍ እመርቃችኋለሁ። እሱን ግን መኪና እንዳይበላብኝ።

ኮዬ ነዋሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25)

እናታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የእርስዎን ነገር ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ፦ ጠዋት ረጅም አውቶብስ ለእርስዎም ለመሶብዎም ቦታ ይኖረዋል። ሾፌሩ ያሉትን የአውቶብስ ጥያቄ ከብስክሌቱ ጋር አንድ ላይ ጽፈን እናቅርብ።

የገበሬ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40)

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ኮዬ ነው የተወለድኩት፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ። አባቴ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ላይ ዛሬ ብሎክ ቆሟል። ካሳው የተሰጠው በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው፤ በገንዘቡ ሌላ ማሳ አልተገኘም። አባቴ ከእርሻው ወጥቶ የግንባታ ቦታ ጥበቃ ሆነ። እዚህ የሚኖረው ሰው ጥፋት ነው አልልም፤ ጎረቤቶቼ ናችሁ፤ ከብዙዎቻችሁ ጋር ቡና እጠጣለሁ። ግን ስለዚህ ቦታ ሲወራ ሰው ያልነበረበት ሜዳ ተደርጎ ሲነገር ያመኛል።

መንገድ ነበረን። ከመንደራችን አቃቂ ገበያ በእግርና በአህያ የምንሄድበት፣ ከዋናው አስፋልት ራቅ ብሎ በወንዙ ዳር የሚያልፍ የእግር መንገድ። አዲሱ አስፋልት ሲቀየስ መሀሉን ቆረጠው። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የለመዱ አዛውንቶች አሁንም እዚያው ላይ ነው አስፋልቱን የሚሻገሩት፤ ምክንያቱም መንገዳቸው እዚያ ላይ ነበር። ማቋረጫው የተቀባው ግን ሌላ ቦታ ነው። እዚያ የሞቱ ሰዎች አውቃለሁ።

ልላችሁ የፈለግኩት፣ ከገልባጭ ጋር የምትጋፉበትን አስፋልት ብቻ ለምን ታያላችሁ? ያ መንገድ ከብሎኮቹ ጀርባ ግማሹ አሁንም አለ። ተማሪዎች ይሄዱበታል። ወደ ቃሊቲ በኩል ሲወጡ ዳገት የለውም።

መንገድ ዲዛይን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:00)

ወንድሜ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው በእግሩ ለዘመናት የመረጠው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛውን ዳገት የተከተለ ነው፤ ቅየሳ ሳይወጣ ቅየሳው አልቋል ማለት ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅህ፦ ክረምት ላይ ወንዙ የሚሞላው የት ላይ ነው? መሬቱስ ዛሬ በማን እጅ ነው? ወንዙ የሚሞላበት ቦታ ላይ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ያስፈልጋል፤ ለመኪና ከሚሠራው ድልድይ ጋር ሲነጻጸር ግን ወጪው በጣም ያነሰ ነው። አስፋልቱ የቆረጠበት ላይ ደግሞ ማቋረጫው ወደ ድሮው ቦታ መመለስ አለበት። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታና መሀል ላይ ሰው አረፍ የሚልበት ደሴት ያለው ማቋረጫ። የአዛውንቶቹን ልማድ ከመቀየር የቀለሙን ቦታ መቀየር ይቀላል።

አራብሳዊት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:12)

እኔም ያነሳሁት ይህንኑ ነበር። የእግረኛው መንገድ ከተሠራ ብስክሌቱ ከጎኑ ቦታ ያገኛል። እኛም ጋ እንዲህ ያለ የድሮ መንገድ እንዳለ ከነባር ነዋሪዎች እጠይቃለሁ።

የገበሬ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:30)

ውኃው የሚሞላው ሁለት ቦታ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በእግር አይታለፍም፣ ሌላ ጊዜ ድንጋይ በድንጋይ ይታለፋል። መሬቱ የተወሰነው ሳር ሆኖ ቀርቷል፤ ወደ ወንዙ ያለው ላይ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ፤ ዘመዶቼም አሉበት።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልናገር። መንገዱ ተጠርቦ ሲያምር "አህያ አይለፍበት፣ ጋሪ አይግባበት" እንዳይባል። እነሱ የነበሩበት መንገድ ነው። ይህ ማመልከቻው ውስጥ ካልተጻፈ መንገዱን አላሳይም።

ኮዬ ነዋሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:41)

ይጻፋል። ረቂቁን እኔ አዘጋጅቼ እዚሁ አስቀምጣለሁ፤ ያንተን ሐሳብ ግን በራስህ ቃል አንተው ጻፈው። የነዋሪ ማኅበራችን ፊርማ ያሰባስባል፤ ሾፌሩም ስለ አውቶብሱ የጻፉትን አሳጥረው ቢልኩልኝ እጨምረዋለሁ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ፣ 3 ሰዓት ላይ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግር እንሂድበት። መንገድ ዲዛይን፣ መለኪያ ሜትር ይዘህ ብትመጣ።

መንገድ ዲዛይን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:50)

እመጣለሁ። 50 ሜትሩን ይዤ ነው የምመጣው፤ ጫፉን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ብቻ አዘጋጁልኝ። አትክልት የሚያለሙትን ዘመዶቹን ደግሞ አስቀድሞ ያነጋግርልን፤ ማሳቸው አጠገብ ሜትር የዘረጋ ሰው ሲያዩ ሌላ ነገር እንዳይመስላቸው።